የሰባተኛው ጉድጓድ ሂና

ሆዳን ጓንቷን አላወለቀችም። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ማስመዝገብ እፈልጋለሁ። በምርምር ጣቢያችን መዝገብ ቤት፣ አረንጓዴ አቃፊ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሪፖርት አለ። «ሠራተኛዋ ያለ ጓንት የዱር አይጥ በመንካቷ፣ በራሷ ቸልተኝነት ለበሽታ ተጋልጣለች» ይላል። ሐሰት ነው። ከጽሑፉ በታች ሦስት ፊርማዎች አሉ። ሁለተኛው የእኔ ነው።

ባዩሽ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ጅግጅጋ የመጣሁት ከወታደር ባሌ ጋር ሲሆን እሱ ሲያርፍ ልጆቼን ይዤ እዚሁ ቀረሁ። አሁን አምስት የልጅ ልጆች አሉኝ። ሰፈሩም ሥራ ቦታም ሁሉም «አዬዮ» ነው የሚለኝ፤ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። ጡረታ ስወጣ የምስጋና ወረቀት በመስታወት አድርገው ሰጡኝ። አልሰቀልኩትም። አልጋዬ ሥር ፊቱን ወደ መሬት አድርጌ አስቀመጥኩት። አንዲት ሴት ላይ የሐሰት ምስክርነት ፈርሜ ሳለሁ «በታማኝነት ላገለገሉ» የሚል ወረቀት በየቀኑ ማየት አልቻልኩም።

ሥራውን የጀመርኩት ከተማዋ ከተረበሸችበት ክረምት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ስለነበር፣ ሲከፈት ያገኘውን ሥራ ያዘ። እኔ የጣቢያውን ላብራቶሪ ወለል መጥረግ ጀመርኩ። ከጥቂት ወር በኋላ ወደ ገጠር ወጥቶ የዱር አይጥ ለሚያጠምደው ቡድን ረዳት ተፈለገ። ወጣቶቹ ሁሉ ተጸየፉ። ደመወዙ ከመጥረጊያው በትንሹ ይሻል ስለነበር እኔ እጄን አወጣሁ።

የቡድኑ ሥራ ቀላል ይመስላል። የትኛው አይጥ ከየትኛው ጋር እንደሚኖር፣ ማን ማንን እንደሚጎበኝ፣ ማን ከማን እንደሚጣላ ማወቅ ነው። ይህ የሚፈለገው ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከእነሱም ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ለማግኘት ነው። የምናጠምደው የቤት አይጥ አልነበረም። አሸዋማ መሬት ውስጥ ጉድጓድ ምሶ የሚኖር፣ ጀርባው የአሸዋ መልክ ያለው፣ ሆዱና ጭኑ ነጭ፣ ጭራው ረጅም ሆኖ ጫፉ ላይ ጸጉር ያለው፣ በኋላ እግሩ የሚዘል የሜዳ አይጥ ነው። ሶማሌዎቹ ጂር ይሉታል።

መጀመሪያ የወጣነው ወደ ሽንሌ ነበር፤ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲያ ወዳለው ሜዳ። የአጥማጆቹ አለቃ አደር ዋርሳሜ ይባላል። አደር አጎት ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ነበር።

«ትፈሪያለሽ?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። ሶማሊኛ አንቱታ ስለሌለው እሱም በአማርኛው አንቺ ነበር የሚለኝ።

«አልፈራም» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«እንግዲያው ነገ አትምጪ።»

ቀልድ መሰለኝ። በነጋታው ስመጣ መኪናው ውስጥ ቦታ ከለከለኝ። «የማይፈራ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። ማታ ማታ እጄ ሲያሳክከኝ ማደሩን፣ የልጅ ልጄን ሊያን ማቀፍ መፍራቴን፣ ጣሪያ ላይ ኮሽ ሲል መደንገጤን ሁሉ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና «ግቢ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍርሃት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ፤ «ጓንትሽን ብትረሺ ከመኪና ታመጫለሽ፤ ፍርሃትሽን ከረሳሽ ግን የምታመጪበት ቦታ የለም።»

የእሱን ልማድ እስካሁን አልረሳሁም። ወደ ጉድጓድ ሲቀርብ ነፋሱ ከጀርባው እንዲመጣ አድርጎ፣ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ይቆማል። በዱላው መሬቱን ቀስ አድርጎ ሦስት ጊዜ ይመታል። «አሰላሙ አለይኩም» ይላል። ከዚያ ይጠብቃል። ከመሬት ሥር መልስ ይመጣል፤ ጂሮቹ በኋላ እግራቸው ወለሉን ይደበድባሉ፤ ዱብ ዱብ ዱብ። ሰው መጣ ብለው እርስ በርስ መነጋገራቸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ድምፅ በጫማዬ ሶል ሲሰማኝ ፀጉሬ ቆመ። መሬቱ የሰው ልብ ያለው መሰለኝ።

ማታ ወጥመድ እንዘረጋለን። ወጥመዱ ረጅም የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ከውስጥ የተፈጨ ኦቾሎኒ ከዱቄት ጋር ተለውሶ ይገባል፤ ብርድ እንዳይገድላቸው ጥጥ ይጨመራል። ማለዳ ጓንት ደርበን፣ ማስክና መነጽር አድርገን እየዞርን እንሰበስባለን። የተያዘውን በጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርገን ቁስሉን እናያለን፣ ደም እንወስዳለን። በየጉድጓዱ በር ላይ ችካል አለ፤ በየችካሉ ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አለ። ከረጢቱም በዚያው ክር ይታሰራል። ይህ የአደር ዋርሳሜ ሕግ ነበር። እንስሳው ሥራው ካለቀለት በኋላ የሚመለሰው በገዛ በሩ ነው፤ በጎረቤቱ በር እንኳ አይደለም። እሱ ተንበርክኮ ይለቀዋል፤ ጭራው ጉድጓዱ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስም አይነሳም።

«ለምን እንዲህ ትጨነቃለህ?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

«አንቺን የማታውቂው ሰው ቤት ወርውሬሽ ብሄድ ምን ይሉሻል?»

«ሌባ ይሉኛል።»

«እነሱም እንዲሁ ነው የሚሉት። በጥርስ ነው የሚሉት ግን።»

ጂር ቤተሰብ ነው። ተደራርበው ይተኛሉ፣ አንዱ የሌላውን ፊት ይልሳል፣ አንድ የአሸዋ መታጠቢያ ላይ እየተንከባለሉ ሽታቸውን ያዋህዳሉ። የቤቱ ሽታ የሌለው ሲመጣ ይነክሱታል። በድርቅ ጊዜ ሁለት ቤተሰብ አንድ ጉድጓድ ሊጋራ ይችላል፤ ዝናብ ሲመጣ ይለያያሉ። ቫይረሱም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው፤ በመላላስ፣ በመናከስ፣ በሽንት በረጠበ አሸዋ።

ቀጥሎ ሐርተሼክ ነበር የቆየነው፤ ድሮ ስደተኞች ሰፍረውበት በነበረው ሜዳ ዳርቻ። ሆዳን ቡድኑን የተቀላቀለችው እዚያ ነው። የቱሊ ጉሌድ ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር የፍየልና የግመል ወተት ትሸጣለች፤ ሙሽሮችንም ሂና ትቀባለች። ሳቂታ፣ አፈኛ፣ ግን ለሥራ ጥንቁቅ ናት። እኛ በዚያን ጊዜ ጂሮቹን የምንለየው ጸጉራቸውን በመቀስ በመሸለት ነበር። ጸጉሩ ግን ያድጋል። ጆሮ ላይ የሚደረገውን ምልክት ደግሞ እርስ በርስ ሲላላሱ እየነቀሉ ይጥሉታል። አንድ ቀን ስንጨቃጨቅ ሆዳን ወደ አደር ዋርሳሜ ዞረች።

«አደር፣ ከጢምህ የተረፈ ሂና አለህ?»

«ለምንሽ?»

«እነዚህን ላስውባቸው።»

«ልትድሪያቸው ነው እንዴ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ግን ሠራ። ነጩ ጭናቸው ላይ በቀጭን እንጨት ሂና ቀባንና እስኪደርቅ በከረጢት ያዝናቸው። ቀዩ ምልክት ሳይለቅ ወራት ቆየ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱን ሥዕል ሰጠን፤ ለአንዱ ነጥብ፣ ለሌላው መስመር፣ ለሌላው ጨረቃ። እኔ ፊደል መጻፍ ስለማይፈጥንልኝ ሥዕሎቹን በደብተሬ እስል ነበር፤ ከጎናቸው የጉድጓዱን ቁጥር፣ የተያዙበትንና የተለቀቁበትን ቦታ። ያ ደብተር በኋላ ምን እንደሚያደርግብኝ አላወቅኩም።

ሆዳን ጠዋት ጠዋት ወተት ይዛ ትመጣለች፤ አፍልተን ሻይ ውስጥ እንጨምራለን። ረቡዕና ዓርብ ግን ለእኔ ጥቁር ሻይ ለብቻ ትቀዳለች። «ዛሬ ያንቺ ጾም ነው» ትላለች፤ እኔ ሳልነግራት። እኔ ቀኑ ሲጠፋብኝ እሷን ነበር የምጠይቀው።

ከዚያ ዓለምን ሁሉ በሽታ ያስፈራበት ጊዜ መጣ። ሰው ማስክ ማድረግ ተማረ፣ ትኩሳት ያለበትን መሸሽ ተማረ። እኛ ለዚህ ፍርሃት እንግዳ አልነበርንም። እኔ በር ላይ ሳፋ አስቀምጬ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ በበረኪና ታጥቤ ነው ወደ ቤት የምገባው። የእጄ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ሊያ እየሮጠች ስትመጣ «ቁሚ!» ብዬ እጮህ ነበር። ልጅቷ ቀስ በቀስ መሮጥ ተወች።

የመጨረሻው ቦታችን ቱሊ ጉሌድ ዳርቻ ሆነ። አሥራ ሁለት ጉድጓድ ነበረን። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት የሆዳን፣ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያሉት የእኔ ነበሩ። አንዳችን የሌላችንን አንነካም። የደም ውጤት ሲመጣ ቫይረሱ የተገኘው በአንድ ጉድጓድ ቤተሰብ ላይ ብቻ ነበር፤ በሰባተኛው። ምልክታቸው ግራ ጭን ላይ ሁለት ነጥብና ከሥሩ አንድ መስመር ነው። እኔው ነኝ የሣልኩላቸው።

ያስፈራኝ የነበረው ምንም አለመታመማቸው ነው። ይበላሉ፣ ይላላሳሉ፣ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ከረጢቱ ውስጥ ሆነው በጥቁር ዓይናቸው ያዩኛል። እኔ ግን እጄ ላይ ምን እንደያዝኩ አውቃለሁ። አደር ዋርሳሜ ሰባተኛው ጋ ስንደርስ ድምፁን ይቀንስ ነበር። «እዚሁ በቤታቸው እስካሉ ድረስ በሽታውም እዚሁ ነው» አለኝ።

ከዚያ አደር ዋርሳሜ ዓይኑን ሊታከም ከተማ ገባ። አዲስ የቡድን መሪ መጣ፤ ፈጣን፣ ንጹሕ ጫማ የሚወድ ሰው። ስሙን አልጽፍም፤ አሁን የለም፤ ተዛውሯል።

ያን ቀን ሆዳን የእህቷን ልጅ ለሠርግ ሂና ልትቀባ ፈቃድ ወስዳ ስለነበር የአሥራ ሁለቱን ጉድጓድ ከረጢቶች ብቻዬን ይዤ ነበር። ደም ተወስዶ አልቋል፤ መመለስ ብቻ ቀረኝ። መሪው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ መጣ።

«እማማ፣ እንግዶች መጥተዋል፤ መኪናው ይፈለጋል። ቶሎ እዚሁ ይልቀቋቸው።»

«እዚህ? መንገድ ዳር?»

«አዎ፣ እዚሁ።»

«ከየበራቸው ካልመለስናቸው ይጣላሉ። ሰባተኛውም አለበት።»

ሳቀ። «አይጥ እኮ ነው እማማ። አድራሻ አለው እንዴ?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። በሕይወቴ ለሚያንስ ነገር ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተጣልቻለሁ፤ በቀበሌ ወረፋ ለቀደመኝ ሰው ስጮህ ነው ሰው የሚያውቀኝ። በዚያን ቀን ግን ደከመኝ፤ ፈራሁም። ኮንትራቴ ሊታደስ ነበር። ክሮቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ከረጢቶቹን ገለበጥኩ።

ወደ መኪናው ስመለስ ሜዳው ሁሉ መደብደብ ጀመረ። ከአንድ ጉድጓድ አልነበረም፤ ከሁሉም ነበር። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ። እስከ ጉልበቴ ተሰማኝ። ሹፌሩ «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

በማግስቱ በሦስተኛው በር ላይ ደም አየሁ። የሰባተኛው ምልክት ያለበት ጂር ጆሮው ተቦጭቆ ሞቶ ነበር። በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ነጥብና መስመሩ በየቦታው ብቅ አለ፤ በአራተኛው፣ በዘጠነኛው። የትኛውም ቤተሰብ ግን አላስጠጋቸውም፤ እየነከሱ አባረሯቸው። ከዚያ ውጤቱ መጣ። ቫይረሱ በሦስተኛውም በአራተኛውም በዘጠነኛውም ተገኘ። እኔ ለማንም አልነገርኩም። የተባረሩት የት እንደሄዱ ግን እያሰብኩ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ከለቀቅኩበት መንገድ ዳር ወዲህ ያለው የመጀመሪያ ቤት የሆዳን ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሆዳን ትኩሳት ያዛት። ጅግጅጋ ሆስፒታል ለብቻዋ ክፍል አስገቧት። እናቷ ደግሞ እህል ማስቀመጫው ውስጥ አይጥ አገኘችና በዱላ ገድላ በአካፋ ይዛልን መጣች። ጓንት አድርጌ ወደ ላስቲክ የከተትኩት እኔ ነኝ። ስገለብጠው ግራ ጭኑን አየሁት። ሁለት ነጥብ፤ ከሥሩ አንድ መስመር። የገዛ እጄ ሥራ።

መሪው ብዕሩን አወጣ። «እማማ፣ ምልክት አዩበት?»

የላስቲኩን አፍ ቋጠርኩ።

«ጥሩ» ብሎ ላስቲኩ ላይ «ምልክት የሌለው፣ የሰፈር አይጥ» ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ሪፖርቱን አመጣልኝ። ቀስ ብዬ አነበብኩት። አልገባኝም ልል አልችልም፤ ገብቶኛል።

«ሆዳን እኮ ጓንቷን አውልቃ አታውቅም» አልኩት።

«ጓንት ካልሆነ ታዲያ ከየት መጣ እንበል? አይጦቹን ማን ለቀቃቸው ብለው ይጠይቁናል።»

ይጠይቁናል ያለው ለጨዋነት ነው። ከረጢት የገለበጠው እጅ የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እስር ቤት ታየኝ፣ የሊያ ፊት ታየኝ። ፈረምኩ።

አላህ ረድቷት ሆዳን ዳነች። አንድ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ በደንብ አይሰማም። በሪፖርቱ ምክንያት ሥራዋን አጣች። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቱሊ ጉሌድ ደረሰ፤ በገዛ እጇ በሽታ ያመጣች፣ ንጽሕና የሌላት ተባለች። ገበያ ወጥታ ብትቀመጥ ከእጇ ወተት የሚገዛ ጠፋ።

አንድ ቀን ለሥራ እዚያ ስደርስ ከወተት ሻጮቹ መካከል ተቀምጣ አየችኝ። ፊቷ በራ። በኩባያ ቀድታ ዘረጋችልኝ፤ የፈላ ነው፤ እንፋሎቱ ይታያል። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩን። አብራት የሠራች፣ ስለ በሽታው የምታውቅ ሴት ትጠጣ እንደሆነ ነበር የሚጠብቁት። እኔ ወተቱ ምንም እንደሌለበት አውቃለሁ። እጄ ግን አልሄደም። ኩባያውን ሳይ የፈረምኩት ወረቀት ነበር የሚታየኝ።

«ጾም ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አዬዮ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

ዞሬ ሄድኩ። ከኋላዬ ከሴቶቹ አንዷ በሶማሊኛ «አያችሁ?» ስትል ሰማሁ።

አደር ዋርሳሜ ዓይኑ ታክሞ ሲመለስ ወደ ሜዳው ወሰድኩት። ሰባተኛው ጋ ቆሞ በዱላው ሦስት ጊዜ መታ። ጠበቀ። ምንም አልመጣም። እንደገና መታ። መሬቱ ዝም አለ። ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸብኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ክሮቹን የት አደረግሻቸው?»

ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አልጣልኳቸውም ነበር። አይቶ መልሶ ጣቶቼን ዘጋብኝ። በዚያው ዓመት ሥራ ተወ። እኔም ብዙ ሳልቆይ በዕድሜ ምክንያት ጡረታ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ በየወሩ ጣቢያው በር ላይ ነበርኩ። «አንድ መስመር አስተካክሉልኝ» እላለሁ። መዝገብ ቤቱ «ያለቀ ፋይል ነው እማማ፤ ምን ያደርግልዎታል?» ይላል። ጥበቃው ሲያየኝ «መጡ ደግሞ» ማለት ለመደ። አንድ ኃላፊ «እርስዎ ራስዎ የፈረሙበትን?» ብሎ ሳቀብኝ። «አዎ፣ እኔ ራሴ የፈረምኩበትን» አልኩት፤ ሳቁ ቆመ፤ ነገር ግን ምንም አላደረገም።

ባለፈው ዓመት አዲስ የላብራቶሪ ኃላፊ ተመደበች፤ ዶክተር ሳምራዊት፣ ከሌላ ክልል የመጣች ወጣት። ወንበር ሰጠችኝ፤ ይህን ያደረገ ከእሷ በፊት አልነበረም። ሁሉንም ሰማችኝ።

«እማማ፣ የሚሉኝን አምናለሁ። ግን በወሬ መዝገብ አይቀየርም። ማስረጃ አለ?»

ደብተሬን አወጣሁ። የሰባተኛውን ገጽ፣ የሥዕሉን ምልክት፣ ከጎኑም «መንገድ ዳር» ብዬ የጻፍኩትን አሳየኋት። ያን ቀን እንኳ ቦታውን ሳልጽፍ አላደርኩም፤ አደር ዋርሳሜ እንዲያ ነው ያስተማረኝ።

«አይጡስ?» አለችኝ። «ከሆዳን ቤት የተገኘው?»

«ፍሪዘር ውስጥ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ መብራት ስንቴ እንደጠፋ ማን ይቆጥራል። እሷ ልብሷን ቀይራ፣ ጓንት ደርባ ገባች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ አያለሁ። ከታችኛው መሳቢያ ብዙ ላስቲክ አወጣች፤ በመጨረሻ አንዱን ለብቻው አስቀመጠችው። ላዩ ላይ የዚያ ሰው ጽሑፍ አለ፤ «ምልክት የሌለው»። ከፈተችው። በረዶውን በጥጥ ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ በመስታወቱ በኩል አየችኝ፣ ላስቲኩንም ወደ እኔ አስጠግታ ግራ ጭኑን አሳየችኝ።

ሂና ከጸጉር አይለቅም። ሁለት ነጥብ፤ ከሥሩ አንድ መስመር።

የፈለግኩት ማስረጃ ይኸው ተገኘ፤ የሚከሰውም እኔኑ ነው።

ስትወጣ ታጥባ ተቀመጠች። «የሰባተኛውን ጉድጓድ ሆዳን ነክታ ታውቃለች?»

«በጭራሽ። የእኔ ነበር።»

«እንግዲያው ጓንቷ ከነገሩ ምንም የለበትም። በሽታው የመጣው ቤቷ ድረስ ነው።» ቀጥላም፦ «እማማ፣ ይህን ከጻፍኩ የእርስዎም ስም ይገባል። አይጦቹን የለቀቁት፣ ምልክቱን እያዩ ዝም ያሉት፣ የሐሰት ሪፖርት የፈረሙት እርስዎ እንደሆኑ ይጻፋል። ሊጠየቁበትም ይችላሉ።»

ያን ቀን ኪሴ ውስጥ ከከተትኳቸው ክሮች አንዱን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ይዤ ነበር።

«ጻፊው» አልኳት። «የእሱም ትእዛዝ ይጻፍ፤ የእኔም እጅ ይጻፍ። የሆዳን ጓንት ግን ከሁሉ በላይ ይጻፍ።»

ሦስት ሳምንት ቆይታ ሪፖርቱን የሚያርም፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጠችኝ። እስካሁን የጠራኝ የለም። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን እደነግጣለሁ፤ ይህን ስጽፍም ጆሮዬ በሩ ላይ ነው።

ደብዳቤውን በፖስታ አልላክሁም። ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ቱሊ ጉሌድ ወረድኩ። ሆዳን እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች፤ ፊት ለፊቷ ያልተነካ ጄሪካንና አንድ ቴርሞስ አለ። ሌሎቹ ሴቶች ከእሷ ፈንጠር ብለው ተቀምጠዋል። በደህናው ጆሮዋ በኩል ቆምኩ። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ቀስ እያልኩ፣ ሳልዘል። የራሴ ስም ያለበት ጋ ስደርስም አነበብኩት። አንዲት ልጅ እግር ወተት ሻጭ ለሌሎቹ በሶማሊኛ እየተረጎመች ነበር።

ስጨርስ ሆዳን ደብዳቤውን ተቀብላ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ስታይው፣ ያኔ፣ የእኛ ሂና መሆኑን አውቀሽ ነበር?» አለችኝ።

«አውቄ ነበር።»

«እኔ ሆስፒታል እያለሁ?»

«አንቺ ሆስፒታል እያለሽ።»

ከቴርሞሱ በኩባያ ቀዳች። እንፋሎቱ ወጣ። ዘረጋችልኝ። ሴቶቹ ያዩናል። ተቀበልኩና ቆሜ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ኩባያውን ስመልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ደፍሬ አየሁ።

«ሆዳን፣ ይቅር በይኝ።»

ኩባያውን ተቀብላ አለቀለቀችው፤ ደፋችው፤ በጨርቅ ጠረገችው። ፈንጠር ብለው ከተቀመጡት አንዲት ሴት ተነሥታ ጄሪካኗን ጎተተችና ወደ እኛ ተጠጋች። ሆዳን እሷን አየት አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ገና ነው» አለችኝ። «ነገ ረቡዕ ነው፤ ጾምሽ ነው። ሐሙስ ነይና እንደገና ሰው ፊት ጠጪ።»